ሰደቃ ከወጣው ስልክ ውስጥ የቀረው የሐዋ ድምፅ

ንጋት፣ አሊዩ አምባ

ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ ወደ አንኮበር የሚወጣው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። እኔ በፌስታል ሎሚ ይዣለሁ። ሸዋ ሮቢት እንደምሄድ ማታ የነገርኩት ሹፌሩ አይቶኝ ሳቀ።

«አባባ፣ ሸዋ ሮቢት ሎሚ ጠፋ አሉ እንዴ?»

«ሎሚማ ሞልቷል። ባዶ እጅ ግን አይኬድም» አልኩት።

ጋቢና ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ አላህ ይስጠው። ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ቆላው ከኋላችን ገና ጭጋግ ለብሶ ተኝቷል።

የምሄደው ለድምፅ ነው። ባለቤቴ ሐዋ አምና ወደ አኼራ ሄደች። መንዙማ ስትል አንጀት ታርስ ነበር፤ ማታ ማታም በስልኳ ትቀዳው ነበር። ስትሞት ልጆቹ እንደ ወጉ ልብሷንም ስልኳንም ላስታመመቻት ጎረቤታችን ለዘይነባ ሰደቃ ሰጡ። በኛ ቤት የሟች ዕቃ ሰደቃ ሲወጣ ኪሱ አይፈተሽም፤ እንደተቀመጠ ነው የሚሰጠው። ስልኩ ውስጥ ያለችው ጥፍር የምታክል ሚሞሪም ድምፁን ሁሉ እንደያዘች አብራ ሄደች። እኛ ሲገባን ዘይነባ ጓዟን ጠቅልላ ልጇ ዘንድ ሸዋ ሮቢት ወርዳለች።

ደውለህ መልሺልኝ አትላትም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። የሰጡትን ሰደቃ መልሱ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ከነውርም ያልፋል። ነገሩን በሆዴ ይዤ ከረምኩና በመጨረሻ ሼኻችንን ጠየቅኋቸው። ጢማቸውን እያሻሹ መልሰው ጠየቁኝ።

«ሰይድ፣ ሱራ ከኔ አፍ ሰምተህ በቃልህ ብትሐፍዝ፣ እኔ ዘንድ ይጎድላል?»

«ኧረ አይጎድልም።»

«እንግዲያ ስልኩ የሷ ነው፤ እጅህን እንዳታሳርፍበት። ድምፁን ግን ወድዳ ከፈቀደች፣ የሷም ሳይጎድል፣ ቅዳ። ይሉኝታ አስይዘህ እንዳትወስድ ብቻ።»

እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም። የኮምፒውተርና የሕጉን ነገር የምትከታተሉ ሰዎች ግን ይህችን ፍርድ ያዙልኝ። ስልክ ነክተው በማያውቁ ሽማግሌ ነው የተፈረደችው።

ረፋድ፣ ጣርማ በር

በአንኮበር አልፌ ደብረ ብርሃን ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ በጎቹ እንኳ ድምፃቸው ብቻ ነው የሚመጣው። ሚኒባሱ ቆም ሲል አንዲት ሴት የሱፍ ኮፍያ በመስኮት አስገባችልኝ።

«ጋሼ፣ ይግዙኝ! ጆሮዎ ሊረግፍ ነው።»

«እኔ የቆላ ሰው ነኝ ልጄ። ትንሽ ቆይቼ ሙቀት እገባለሁ።»

«እስከዚያ ጆሮው ከረገፈ በምን ሊሰሙ ነው?»

ይህን ስትለኝ ደነገጥኩ። ለጆሮዬ ብዬ አይደል የወጣሁት? ገዛኋት፤ ቀይ ናት፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ የመኪናው ራዲዮ ድምፁ ተቋረጠ። ከኋላ አንዱ፣ «ምነው ዘጋኸው?» ሲል ሹፌሩ፣ «አልዘጋሁም፤ ማዶ ይጠብቀናል» አለ። እውነትም ስንወጣ የራዲዮው ሰውዬ ወሬውን ቀጥሏል። ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝተን እየቆረጠምን ወረድን። እየወረድን ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ ቀጥሎም ኮቴን።

ቀትር፣ ሸዋ ሮቢት

ሙቀቱ በሩ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ዘመድ አቀፈኝ። ባጃጆች ይንጫጫሉ፤ ማሾ በጆንያ፣ ቲማቲም በሳጥን ተደርድሯል። ባጃጁ ዘይነባ ደጃፍ ጣለኝ። እሷም እጄን ስማ፣ ሎሚውን ተቀብላ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ደኅና ኖት? ምነው ሳይደውሉ?» አለችኝ።

ውሃ ከጠጣሁ በኋላ ነገሩን ነገርኳት። ስልኩን ከጉያዋ አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ይውሰዱት!»

«አልነካውም። አላህን ፍሪ ዘይኑ፣ ያንቺ ነው።» በያዝኩት ጋቢ ጫፍ ወደ እሷ ገፋሁት።

«ኧረ ይውሰዱት እላለሁ!» መልሳ ገፋችው።

«ልቅዳ ብቻ ብትይኝ ይበቃኛል። ካልወደድሽም በሰላም እሄዳለሁ።»

 ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። ለካ የልጅ ልጇ አቂቃ፣ የስም ማውጫው ድግስ፣ ሲደገስ ስልኩ ሞላ ብሎ ፎቶ አልቀበል ቢላት፣ ያለውን ሁሉ አጥፍታዋለች። የሐዋ ድምፅ እዚያ እንዳለ አታውቅም፤ እሷም እንደኛ ኪሱን አልፈተሸችም።

 «አይዞሽ፣ የአላህ ቀድር ነው» አልኳት። 

ልቧ አልቆርጥ ብሎ ዘይነባ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ የኮምፒውተር ቤት ወሰደችኝ። የቤቱ ባለቤት ትዕግሥት ትባላለች፤ ባሏ መምህር ሆኖ እዚህ ሲመደብ አብራው የመጣች ናት። ሚሞሪዋን አውጥታ ላፕቶፕዋ ላይ ሰካች።

«አባቴ፣ የጠፋ ሁሉ አልጠፋም» አለችኝ። «አጥፋ ሲሉት የቤቱን ቁጥር ነው የሚነቅለው፤ ሰውየው እቤቱ ነው። ሌላ ተከራይ እላዩ ከገባ ነው ችግሩ። እትዬ ዘይነባ፣ ካጠፉት በኋላ ብዙ ፎቶ አነሱ?»

ዘይነባ ወደ መሬት አየች። «የአቂቃው ለት በሬው እንኳ ሳይቀር ነው ያነሳሁት።»

ትዕግሥት ሳቋን ዋጠች። «እስቲ እንፈልግ። ጊዜ ይወስዳል።»

ዙህር ሰግጄ ተመለስኩ። ኮምፒውተሩ ገና ይፈልጋል። በመጨረሻ ጥቂት ድምፆች አገኘ። የመጀመሪያው እንደ ዝናብ ይንሿሿል፣ ሰው የለበትም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ትዕግሥት ሌላውን ስትነካው ሐዋ ቤቱን ሞላችው። መንዙማዋን ጀመረች፣ ነቢን እያወደሰች፣ ቀስ እያለች።  መሐል ላይ ቁርጥ አደረገችው።

«አንተ ሰውዬ! ፍየሏ ገባች፤ በሩን ዝጋው!»

«እሺ» ይላል አንድ ሰው። እኔ ነኝ።

«ዝጋው እኮ ነው የምልህ!»

«እሺ አልኩሽ።»

«ያ ረቢ! ዱቄቱን በላችው! ዝጋው!»

እዚያ ላይ አለቀ። ዘይነባ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ትዕግሥትም ጀርባዋን ሰጠችን። ሌላ የዳነ አልነበረም።

«ለእርስዎ ልላከው?» አለችኝ ትዕግሥት።

«እሷን ጠይቂ» አልኩ ወደ ዘይነባ እያየሁ። «ሚሞሪው የሷ ነው።»

«ወድጄ፣ ፈቅጄ» አለች ዘይነባ። «ለኔም ግን መልሺልኝ፤ እኔንም እንደዚሁ ነበር የምትቆጣኝ።»

ትዕግሥት አንዴ ነካ ነካ አደረገችና ድምፁ ሁለታችንም ዘንድ ሆነ። የዘይነባ አልጎደለም። ሰጥተውት የማይጎድል ዕቃ በዕድሜዬ መጨረሻ አየሁ። ይህን ላወቁ ሁሉ፣ ለሠሩትም ላስተማሩትም፣ ዱዓ አድርጌያለሁ። ቀይዋን ኮፍያ ለትዕግሥት ሰጠኋት፤ «በዚህ ሙቀት?» ብላ አጠለቀቻት።

በማግስቱ፣ አሊዩ አምባ

ዘይነባ ዘንድ አድሬ በመጣሁበት ተመለስኩ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሰማኋት፤ እሷን ዋሻው አላቋረጣትም።

መግሪብ ሲቃረብ ቤቴ ደረስኩ። ያቺ ፍየል ዛሬ የለችም፤ ልጇ ግን ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች። መደቡ ላይ አረፍ ብዬ ሐዋን ከፈትኳት። መንዙማዋን አለች፣ አለች፣ ቁርጥ አደረገችው።

«አንተ ሰውዬ! ፍየሏ ገባች፤ በሩን ዝጋው!»

ሳትደግመው ተነሳሁ።