የጋሽ ደምሴ አያያዝ

ቢቸና የስፖርት አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህሩ አንድ የተነፈሰ ኳስና የመጋዘን ቁልፍ አስረክበውኝ፣ ሌላ የምችለው ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። ካራቴ አልኳቸው። ምንነቱን ለረጅም ጊዜ ካስረዳኋቸው በኋላ ጥርስ እንዳይሰበር ብቻ አስጠንቅቀው ፈቀዱልኝ።

ካራቴን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፣ የኦኪናዋ ደሴት ተወላጅ ከሆነ ጃፓናዊ ነው። ትምህርቱ በካታ ይጀምራል። ካታ ያለ ባላጋራ፣ ለብቻ የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ የማይዛነፍ እንቅስቃሴ ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ግን ጥቅም አለው፤ አንዱ መመከቻ፣ ሌላው የተያዘ እጅ ማስለቀቂያ ነው።

ማስለቀቂያውን ሳሳይ አንድ ተማሪ የእጄን አንጓ ይይዛል፤ እኔ በአውራ ጣቱ በኩል ስቤ አወጣለሁ። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር። ተማሪዎቹ ሲይዙኝ ቀኝ ክርናቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚያቀብሉ ዓይነት። ጨዋነታቸውን ወደድኩላቸው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ከጤና ጣቢያው ወይዘሪት ጥሩነሽ የምትባል ድሬሰር መጥታ መማር ጀመረች። ሐሙስ ሐሙስ ለክትባት ብቻዋን ገጠር ትወርዳለች። ሽማግሌ ልኮባት እምቢ ያለችው ሰው መንገድ ላይ ይጠብቃት ጀምሯል፤ ሊጠልፋት እንዳሰበ ታውቃለች። ሥራዋን ለመልቀቅ ማመልከቻ ጽፋ በቦርሳዋ ይዛ ነበር።

ሁለት ሳምንት ተምራ አንድ ቀን ጠየቀችኝ።

"መምህር፣ ያ ሰው ቢይዘኝ፣ እነዚህ ልጆች አንተን እንደሚለቁህ ይለቀኛል?"

አጥብቆ የሚይዝ ሰው ላይ ልሞክረው ብዬ፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉትን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋሽ ደምሴን ጠራሁ። አስተማሪ አልይዝም ብለው ብዙ አስለመኑኝና በመጨረሻ ያዙኝ። ሳብኩ። ደግሜ ሳብኩ።

"ልልቀቅህ እንዴ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አይልቀቁኝ።"

"እንግዲያው እስኪመሽ እዚሁ ነን፣ ልጄ።"

ተማሪዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴ በየቀኑ ከሰዓት እየያዙኝ ካታውን እንደ አዲስ መረመርኩት። እጁ ከመዞሩ በፊት ወደ ፊት አንድ እርምጃ አለ። እኔ መራመጃ ብቻ ነው እያልኩ አስተምሬ ነበር። ለካ ዋናው እሱ ነው፦ ወደ ያዘህ ሰው ትገባለህ፣ እግሩን በተረከዝ ትረግጣለህ፣ ክርንህን ወደ ክርኑ ታስጠጋለህ፣ ያን ጊዜ መዳፉ ይላላል። ኡኡ ብሎ መሮጡን የጨመሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጥሩነሽ ከሳቸው እጅ ለማምለጥ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። አንድም ቀን አውቀው አልለቀቋትም።

ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ሰውየው ወንዝ ማቋረጫው ላይ ያዛት። ገባች፣ ረገጠች፣ አስለቀቀች፣ ኡኡ አለች። አጫጆቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ደረሱ። ሰውየው ሁለተኛ ላይደርስባት በሽማግሌና በፖሊስ ፊት ዋስ ጠራ። በማግስቱ ትምህርት ቤት መጣች። እኔን አልፋ በመጀመሪያ የነገረችው ለጋሽ ደምሴ ነበር፤ ማመልከቻውንም እፊታቸው ቀደደችው። ሁለቱንም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን የማስተምረው ሞጣ ነው። አዲስ ቡድን ስጀምር የማይፈራኝ ሰው ፈልጌ እጄን አስይዘዋለሁ። እሱ ላይ ያልሠራልኝን ለማንም አላስተምርም።