አልቆለፍ ያለው ሰደርያ

ኦድቫር ወደ ስልሳ የተጠጋ ሰው ነበር። ሆዱ በዕድሜ ታናሹ ቢሆንም በማዕረግ ይበልጠው ነበር፤ በር ላይ ቀድሞት ይገባል፣ ማዕድ ላይ ቀድሞት ይቀርባል። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ኦድቫር ዕድሜውን ሙሉ የሚሠራው በተራሮች መካከል የገባውን የባሕር ወሽመጥ፣ ፊዮርዱን፣ አቋርጣ መኪና በምታሻግር ጀልባ ላይ ነው፤ ያቺ ጀልባ ደግሞ ስቬሌ ትሸጣለች። ስቬሌ ቅቤና ስኳር ተቀብቶ ወይም ቡናማ አይብ ተደርጎበት ለሁለት የሚታጠፍ ወፈር ያለ ፓንኬክ ነው። በዚያ የሰሜን አገር ጀልባ ተሳፍሮ ስቬሌ ሳይበላ የሚወርድ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል። መንገደኛው ግን አንዴ ተሻግሮ መንገዱን ይቀጥላል። ኦድቫር ሲሄድም ሲመለስም፣ ዓመቱን ሙሉ ይሻገር ነበር። የቀረውን እናንተው ገምቱት።

ሐኪሙ ሆዱን መታ መታ አድርጎ "ይሄ ነገር መውረድ አለበት" ካለው ቆይቷል። ታናሽ ወንድሙ ሲጉር፣ እሱም ባለ ሆድ፣ ባለፈው የብርድ ወራት ደጁ ላይ በአካፋ በረዶ ሲዝቅ ልቡ ቀጥ ብሎ እዚያው ቀርቷል። ኦድቫር ያኔ ከአንጀቱ አለቀሰ፤ ከቀብር መልስ የቀረበውን ኬክ ግን እምቢ ለማለት አልጨከነም።

በመጨረሻ ያንቀሳቀሰው ባንዲራ ነው። በየዓመቱ ሜይ አስራ ሰባት፣ በሕገ መንግሥቱ በዓል፣ መንደሩ በሙሉ ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በሰልፍ ይሄዳል። ከሁሉ ፊት ባንዲራ ይዞ የሚሄደው ሰው ቡናድ መልበስ አለበት፤ የአካባቢውን የክት ልብስ ማለት ነው፤ ጥልፉም ጨርቁም የብር ቁልፉም ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ሥርዓት አለው፣ ያንን ያዛባ ሰው እስከሚቀጥለው ዓመት የመንደሩ ወሬ ይሆናል። የኦድቫር አባት ያንን ባንዲራ ይዞ ነበር። ኦድቫር ከልጅነቱ ጀምሮ ተራውን ሲጠብቅ ኖሮ፣ በዚያ ዓመት በማርች ወር ኮሚቴው "ዘንድሮ አንተ ነህ" አለው።

እየዘፈነ ቤቱ ገብቶ ቡናዱን ከቁም ሣጥን አወጣ። ሱሪው እንደ ምንም ገባ። ሰደርያው ግን በቁልፉና በቀዳዳው መካከል ስንዝር የሚሞላ ክፍተት ትቶ ቆመ።

"ተኮማትሯል" አለ ኦድቫር። "ሱፍ እኮ ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ እርጥበት አግኝቶት ነው።"

ሚስቱ ቦርግሂልድ እጇን አጣጥፋ አየችው። "አዎ፣ እሱን እርጥበት አኮማተረው፤ አንተን ደግሞ ያው እርጥበት አሳበጠህ።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ኦድቫር ብቻውን አልነበረም፤ ጸደይ በመጣ ቁጥር በዚያ አገር ያለ ቁም ሣጥን ሁሉ ልብስ በማኮማተር ይከሰሳል።

"ይሰፋዋ!" አለ ኦድቫር።

"ሁለቴ ሰፍቷል፤ የቀረ ትርፍ ጨርቅ የለም። ካልተቆለፈ ባንዲራው ለኮሬ ይሰጣል፤ ኮሚቴው ነግሮኛል።"

ኮሬ ጎረቤታቸው ነው፤ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር፣ ሆድ የሚባል ነገር በሩቅ የሚያውቅ ሰው። ኦድቫር ስሙን ሲሰማ ወገቡን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ከነገ ጀምሮ ስፖርት ነው" አለ።

በዚያ አገር እሑድን ቤት ውስጥ የሚውል ጤነኛ ሰው ይታማል። ኦድቫርም በበረዶ ሸርተቴው ተራራ ወጣ፤ ቦርሳው ውስጥ ቸኮሌት፣ ብርቱካን፣ ቋሊማና ሙሉ ፔርሙዝ ትኩስ ካካዎ ነበር። ተራራ ላይ የተበላ አይቆጠርም የሚል እምነት በዚያ ሕዝብ ዘንድ ከሃይማኖት ባልተናነሰ ጸንቷል። አናቱ ላይ ካለችው ጎጆ ደግሞ ዋፍል ከጃም ጋር ይሸጣል። ኦድቫር አዘውትሮ ወጣ፣ አዘውትሮ ወረደ፤ ሰደርያው ግን ከስንዝሩ ንቅንቅ አላለም።

"እኔ እኮ ላቤ ጠብ እስኪል ነው የምሠራው!" አለ እየተማረረ።

"ላብህ ሲወርድ አይቻለሁ" አለች ቦርግሂልድ ቦርሳውን እየፈተሸች፤ "ቸኮሌቱን ግን ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየሁም፤ የወረደው ወረቀቱ ብቻ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ቦርሳውን የምታዘጋጀው እሷ ሆነች፤ ካሮትና ውሃ ብቻ። ማዕዱ ላይ የተቀቀለ ዓሣ፣ ጎመንና ሲነክሱት እንደ ጣውላ የሚሰበር ደረቅ ዳቦ ሰፈረ። ሚዛኑን ለእህቷ አዋሰችው፤ "ለአንተ ሰደርያው ይበቃሃል" አለችው። ጀልባዋ ላይ የስቬሌው ሽታ ሲያውደው ኦድቫር አፍንጫውን ይዞ ጀልባዋን ዙሪያዋን ይዞር ጀመር፤ ተሳፋሪዎች ሰው ባሕር የገባ መስሏቸው አብረውት የሚዞሩበት ቀን ነበር። ከሥራ ሲወጣም መኪናውን ትቶ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ኮሬ በብስክሌት እያለፈው ይጮህበታል።

"ኦድቫር! የባንዲራውን አቧራ እያራገፍኩ ነው!"

"ጥሩ አድርገህ አራግፍ፤ እኔ እጅ ሲገባ ንጹሕ ይሁን!"

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ስንዝሩ አራት ጣት ሆነ። ኦድቫር ጨፈረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲሞክረውም አራት ጣት። ከዚያም በኋላ አራት ጣት። የዘወትር ሱሪው ከወገቡ እየሸሸ፣ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ እየተበሳለት፣ ሰደርያው አራት ጣት ላይ ችክ አለ።

"ሱሪው ይወልቃል፣ ሰደርያው አይቆለፍም! እንዲህ ያለ ጉድ የት ታይቷል?"

"ወገብህ ላይ የነበረው ወደ ደረትህ ሸሽቶ ይሆናል" አለች ቦርግሂልድ፣ ፊቷ ሳይፈታ።

ምስኪኑ አመናት። ተጨማሪ ካሮት በላ።

በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ተስፋ ቆረጠ። ሰደርያውን በወረቀት ጠቅልሎ ለቦርግሂልድ ሳይነግራት ከፊዮርዱ ማዶ ወደ ቶሩን ሄደ። ቶሩን ያንን ቡናድ ራሷ የሰፋች አሮጊት ናት።

"እትዬ ቶሩን፣ ከጀርባው ቅደጂና የሆነ ቁራጭ ጨምሪበት። ሰው ያውራ፤ ባንዲራው ከሚቀርብኝ ይሻላል።"

"እስቲ ልበሰው።" መነጽሯን አውርዳ ቀረበች፤ ቁልፎቹን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችው። "ማነው የነካካው?"

"ምኑን?"

"ቁልፎቹን ነዋ! እኔ የሰፋሁት እዚህ ጋ ነው፤ የመርፌው ቀዳዳ ይኸው ይታያል። ሰው ነቅሎ ወደ ውስጥ አስገብቷቸዋል። አንዴ አይደለም፤ እዚህም ቀዳዳ አለ፣ እዚህም። እኔ ባደረግሁበት ቢሆን ሰደርያው ይሰፋህ ነበር እንጂ አይጠብብህም። አንተ ሰውዬ፣ ከስተሃል እኮ!"

ኦድቫር ሲመለስ ጀልባዋ ላይ ስቬሌ መኖሩንም ረሳ።

ቦርግሂልድ ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ ነበር። ሰደርያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

"አንቺ ሴትዮ፣ እነዚህን ቁልፎች ነክተሻል?"

"ነክቻለሁ።" ቀናም አላለች።

"ስንቴ?"

"ሆድህ በጎደለ ቁጥር።"

"ካሮት ስቆረጥም እኮ ነው የከረምኩት! ኮሬ መሳቂያ ሲያደርገኝ! ምነው እንዲህ ጨከንሽ?"

"ገና ድሮ ተቆልፎልህ ቢሆን በማግስቱ የት ትገኝ ነበር? እስቲ ንገረኝ።"

የት እንደሚገኝ የጀልባዋ ሰዎች በሙሉ ያውቃሉ።

ቦርግሂልድ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ባንዲራውን ኮሬም ይያዘው፣ ንፋስም ይውሰደው፤ ለእኔ ምኔም አይደለም። የሲጉርን አካፋ ከበረዶው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያንተን አላነሳም። ሰማህ? አላነሳም።"

ያኔ ነው እጆቿን ያየው። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ ካበጡ ዓመታት አልፈዋል፤ የጃም ክዳን የሚከፍትላት እሱ ነው። በእነዚህ ጣቶች መርፌ ይዛ፣ እሱ ጀልባ ላይ ሳለ፣ ደጋግማ ስትነቅልና ስትሰፋ ከርማለች። ኦድቫር አፈረ፤ ደግሞም ደስ አለው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡበት ተናደደ። ምን እንደሚል ስላላወቀ ስልኩን አንስቶ ኮሬ ጋ ደወለና "የምይዘው እኔ ነኝ!" ብሎ ዘጋው።

"በይ አሁን መልሺልኝ" አለ ሰደርያውን እየገፋላት።

"ከእንግዲህ አልችልም፤ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። አንተው ስፋው።"

ተቀመጠ። የመርከብ ገመድ ሲቋጥር የኖረ እጁ ክሩን መርፌ ውስጥ እስኪያስገባ ድንቹ በሰለ። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ አንድ ያበጠ ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ጋ።"

"እዚያማ አይቆለፍም! ይኸው ሙች፣ ትንፋሽ አይሰጠኝም!"

"የዘንድሮውን እንደ ወደድክ ስፋው። እኔ የምልህ የመጪውን ዓመት ነው።"

ኦድቫር መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። ከዚያም ከመሳቢያው እርሳስ አወጣ።

"ጣትሽን አታንቀሳቅሺ" አላት፤ "ምልክት ላድርግበት።"