የሲባጎ ቋጠሮ

የጆንያ ሽታ ታውቃለህ? አሁን እህል የሚመጣው በላስቲክ ነው፤ ምንም አይሸትም። በቀደም ግን ልጄ ከአብነት ሰፈር አንድ አሮጌ የቃጫ ጆንያ ተሸክሞ መጣና በር ላይ ዘረገፈው። አቧራው ሲሸተኝ መርካቶ እህል በረንዳ ያለሁ መሰለኝ።

ጊዜው ደርግ ነው። ወሎ ዝናብ ሲጠፋ አባቴ መርካቶ አክስቴ ጋ ላከኝ። ከእጁ የቀረው አንድ ጥማድ በሬ ነበር። ሲሸኘኝ፣ “በሬዎቹ በቁልቋልም ይሰነብታሉ፤ የማንሰነብተው እኛ ነን። እህል ከላክሽልኝ አልሸጣቸውም” አለኝ። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመጣም የሰው ደጅ ጠባቂ ነው።

ከመጋዘን መጋዘን እየዞርኩ የተቀደደ ጆንያ በወስፌ እሰፋ ነበር። ባገኘሁት ማሽላ እገዛና አፉን ሰፍቼ፣ ሲባጎውን አባቴ በሬ በሚያስርበት ቋጠሮ እቋጥረዋለሁ። መጻፍ አልችልም፤ ደህና ነኝ የምለው በዚያ ነበር። የሚያደርስልኝ የአክስቴ ባል ነው። የደሴ መኪና ጫኝ ስለነበር ኬላ ላይ የሌላው እህል ሲወረስ የሱ ያልፍ ነበር።

ሲመለስ፣ “አባትሽ ቋጠሮውን ሲያይ አወቀሽ” ይለኛል። “‘እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ’ ብሎሻል።” በሬዎቹስ ስለው ከስተዋል እንጂ አሉ ይለኝ ነበር። ያን ሰምቼ ስሰፋ ሲባጎው ጣቴን ቢቆርጠኝም አይሰማኝም።

አንድ ጠዋት ገብቼበት የማላውቅ መጋዘን ሥራ አገኘሁ። ባለቤቲቱ ከጥግ አንድ ሙሉ ጆንያ አሳየችኝ።

“አንድ የደሴ ጫኝ የሚሸጥልኝ ጆንያ ቋጠሮው ሁሌ ያስቸግረኛል። እስቲ ፍቺልኝ።”

ጎንበስ ስል እጄ ከዓይኔ ቀድሞ አወቀው። የራሴ ቋጠሮ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን ያሳደረኝን፣ ጋሼ የምለውን ሰው እንዴት ልጠርጥር? ፈታሁላት። ሲባጎውን ጠቅልዬ ወሰድኩት።

ማታ ራት ላይ ሲባጎውን የአክስቴ ባል ፊት አስቀመጥኩት። ኬላው አስቸግሮት እንደሆነ ሊነግረኝ ጀመረ። አክስቴ ከትሪው ቀና አላለችም፤ እሷም ታውቅ ኖሯል። ከሁሉ የቆረጠኝ የሷ ማወቅ ነው።

“ምርቃቱስ?” አልኩት።

ሲባጎውን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

ኋላ ከአገር የመጣ ሰው እንደነገረኝ አባቴ በሬዎቹን ገና በጠዋቱ ሸጦ፣ ገንዘቡም ሲያልቅ መጠለያ ገብቶ እዚያው ሞተ። “ልጄን መርካቶ ዋጣት” ይል ነበር አሉ። አንድም ቋጠሮ አልፈታም።

እስከ ዛሬ ያን ሰው ይቅር አላልኩትም። ግን ልጄ ጆንያውን አራግፎ ሲወጣ፣ “እጅህ ይባረክ፣ ክፉ አይንካህ” አልኩት። ያ ውሸታም የፈጠረው ቃል መሆኑን አውቃለሁ። እኔን ግን የሚሰማኝ በአባቴ ድምፅ ነው።