የተወለወለው የሙዝ ቅጠል

በእጽዋት ምርመራ ቤት ስትሠራ ጸጉሯ ሸበተ። ሰፈሩ «ዶክተር ቅጠል» ይላታል፤ እሷ ግን የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ሥራዋ ቅጠል መውቀጥ፣ ማጣራት፣ ቫይረስ መኖር አለመኖሩን መለየት ነው። ማታ እጇ ቅጠል ቅጠል ስለሚሸት ባሏ «ከፍየል ጋር እኮ ነው የምኖረው» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ጠዋት ታላቅ ወንድሟ የሙዝ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። የልጁ ባል ቅዳሜ ከአማቱ ሙዞች ሥር የበቀሉትን ችግኞች ሊወስድ፣ እርሻው ላይ ጉድጓዱን ቆፍሮ ጨርሷል። ሙዝ የሚያቀጭጭ በሽታ አካባቢው ገብቷል ስለተባለ፣ ወንድምዬው ሳያስመረምር መስጠት አልፈለገም።

ተመረመረ፤ ቫይረስ አልተገኘም።

«እሰይ! ይምጣና ይውሰድ» አለ ወንድሟ።

እሷ የተረፈውን ቅጠል አገላበጠችው። አቧራ እንኳ የለበትም።

«ጋሼ፣ አጥበኸዋል እንዴ?»

«ወልውዬ ነዋ ያመጣሁት!»

«ከየትኛው ሙዝ ነው የቆረጥከው?»

«ደጃፍ ላይ ካለው፣ ከቆንጆው። ምነው፣ የታመመ ተሸክሜ መሥሪያ ቤትሽ ልምጣ? ባልደረቦችሽ ምን ይሉኛል?»

ሳቋ አመለጣት። «ላም ባልዋለበት ኩበት እያስለቀምከኝ እኮ ነው!»

ከሥራ ስትወጣ ቤቱ ሄደች። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለው ሙዝ ቅጠሎቹ ጠበውና አጥረው፣ አናቱ ላይ እንደ መጥረጊያ ተሰብስበዋል። የቅጠሉን አንገት ወደ ብርሃን ስታዞረው ጠቆር ያሉ ነጥብና ሰረዞች ታዩዋት። ግንዱ ላይ «ክሽክሽ» የሚባሉት፣ የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች ተጣብቀዋል። ከለጋው ቅጠል ቆርጣ፣ ሳታጥብ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ ደወለችለት። «ቫይረሱ አለ፣ ጋሼ። ከግቢህ አንድም ችግኝ እንዳይወጣ።»

«የደጃፉስ? ንጹህ ነው አላልሽም?»

«ክሽክሹ ከአንዱ ወደ አንዱ ያዛምተዋል። ገና ያልታየበት ሊሆን ይችላል።»

«ለልጄ ቃል ሰጥቼ?»

«በሽታ ከምትሰጣት ቃልህ ቢቀር አይሻልም?»

 ከሥራ ወጥታ ቤቱ ስትደርስ ዶማውን ይዞ የታመመው ሙዝ ሥር ቆሟል።

«ቆይ ጋሼ! ፀረ ተባይ ሳንረጭ ከነቀልከው ክሽክሹ ጎረቤት ነው የሚገባው።»

ረጩ፣ ጠበቁ፣ ከነሥሩ አወጡት። ላቡን ጠርጎ ለልጁ ባል ደወለ።

«ልጄ፣ ሙዙ ቀርቷል፤ ታሟል። ጉድጓዱ? ድፈነውና በቆሎ ዝራበት። ንጹህ ችግኝ ሲገኝ እኔው መጥቼ እቆፍርልሃለሁ።»