ጨርቁ የወደቀበት ልጅ ራሱ ይናገር

ልጅ ሳለሁ፣ ገና የፊት ጥርሶቼ ተነቅለው ሳይተኩ፣ አንድ ሕግ ሲወጣ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ያው ሕግ ሲፈርስም አይቻለሁ። የልጆች ጨዋታ ሕግ ነው። ሰሞኑን እዚህ አሰላ የታዳጊዎች የፍላግ ፉትቦል ሊግ ሊቋቋም ነው ተብሎ፣ «ሽማግሌም ይየው» በሚል ደንቡን ቤቴ ድረስ ሲያመጡልኝ፣ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ገጾቹን ቆጠርኩ፤ ቀጥሎ አንቀጾቹን ቆጠርኩ፤ ከዚያ አነበብኩትና መነጽሬን አወለቅኩ። ልጆቹ ወገባቸው ላይ ሪባን ያንጠለጥላሉ። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ መግፋትም ሆነ መጣል ክልክል ነው። ሪባኑ ከተነቀለ ሩጫው እዚያው ላይ ያበቃል። ደንቡን ያመጣልኝ ወጣቱ የስፖርት መምህር፣ መምህር ቶሌራ፣ ጨዋታው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር መሆኑን በትዕግሥት ሲያስረዳኝ ሰማሁት። እኛ ግን ያንን ጨዋታ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ተጫውተነዋል።

ያኔ ሰፈራችን የከተማው ጫፍ ላይ ነበር፤ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ወደ መሀል ከተማ ከመግባቱ በፊት እኛን ያገኘናል። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ ጨው፣ ስኳር፣ ላምባና ክብሪት የምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ቆጠራ የለመድኩት እዚያ ነው፤ አንድ ቀፎ ክብሪት እንኳ እንጨቱን ሳልቆጥር ለሰው አልሰጥም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ስሜ ነስሩ መሆኑን እያወቁ «ሱቅ በደረቴ» ይሉኝ ነበር። ጨዋታ የሚያስገቡኝም ሰው ሲጎድላቸው ብቻ ነው።

ሲመሽ ግን ሁላችንም እኩል የምንሆንበት አንድ ቤት ነበረ። የአኮ ዲንሴ ጎጆ። «አኮ» በአርሲዎች አፍ ሴት አያት ማለት ነው። በሥጋ የገመቹ አያት ነበሩ፤ ገመቹ ደግሞ የላይ ሰፈር ልጆች፣ ማለትም የእኛ፣ አለቃ ነበር። እናትና አባቱ ስለሞቱበት የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ጎጆ የኩበት ጭስ ከጣሪያው ሥር እንደ ደመና ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር፤ ቁጭ ካልን ከሥሩ እንሆናለን፣ ከቆምን ዓይናችን ያለቅሳል፤ ስለዚህ ማንም አይቆምም። ኩራዟ የምታበራው የአኮ ዲንሴን ግማሽ ፊት ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ ፍሙ ሲፈልግ ያሳየናል፣ ሳይፈልግ ይደብቀዋል። አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያዋዙ፣ «ዱሪ ዱሪ» ብለው፣ ድሮ ድሮ ለማለት፣ ተረታቸውን ይጀምራሉ።

ከሁሉ አብልጠን የምንወደው የወንዙን ተረት ነበር። የሚሻገረውን ሁሉ «ምን ይዘሃል?» እያለ የሚጠይቅ ወንዝ ነበረ። ጅቡ ከለቅሶ ቤት የሰረቀውን ሥጋ ብብቱ ሥር ሸጉጦ «ምንም» አለ፤ ወንዙ ወሰደው። ቀበሮዋ የበግ ግልገል በጀርባዋ አዝላ «ልጄ ናት» አለች፤ ወሰዳት። ሚዳቋ ግን የገብሱ ገለባ ከንፈሯ ላይ እንዳለ «ከሰው ማሳ ገብስ ሰርቄ በልቻለሁ» አለች። ወንዙም እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄዶ ሰኮናዋን ብቻ አርሶ አሳለፋት። «ኢጆሌ፣» ይሉን ነበር አኮ ዲንሴ፣ ልጆች ሲሉን፣ «እውነት ለተናገረ ውሃ እንኳ ይጎድልለታል።»

ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ፣ በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር መካከል፣ አንድ ሜዳ ነበር። ልጆች እንጫወትበታለን፤ አዋቂዎች «ግጦሹ የኛ ነው» እየተባባሉ ይጣሉበታል። አንድ ቀን ስንጫወት ከታች ሰፈር ልጆች አንዱ፣ ተሾመ የሚባለው፣ ተገፍትሮ ክንዱ ተሰበረ። አባቱ ዱላ ይዞ መጣ። ከእኛም ወገን ዱላ ወጣ። አኮ ዲንሴ ይህን ሲሰሙ ሲንቄያቸውን አንስተው መጡ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር የሚሰጣት ቀጭን ዘንግ ነው፤ ሴት እሱን ይዛ በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆመች ዱላ ያነሳ ሁሉ ያወርዳል፤ አላወርድም ያለ ከሰው ተራ ይወጣል። ሁሉም አወረዱ።

አኮ ዲንሴ ግን በዚያ አላበቁም። እኛን ልጆቹን ሣሩ ላይ አስቀምጠው አሮጌ ነጠላቸውን ይቀድዱት ጀመር። ለእያንዳንዱ ሰፈር ሰባት፣ በድምሩ አሥራ አራት ቅዳጅ። እያንዳንዳችን ወገባችን ላይ ሻጥ አደረግን።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰው አይነካም፤ የሚነካው ጨርቁ ነው። ጨርቁ የተነቀለ ባለበት ይቆማል» አሉ።

«አኮ፣ አልተነቀለብኝም ብሎ ቢክድስ?» አለ ገመቹ።

«ጨርቁ የወደቀበት ልጅ ራሱ ይናገር። እሱ ከተናገረ በኋላ ማንም ቃል አይጨምርበትም።»

«እንግዲያ አለቀልን። የታች ሰፈር ልጆች እውነት የሚናገሩበት አፍ የላቸውም!»

ተሾመ በእንጨት ተደግፎ የታሰረ ክንዱን አቅፎ፣ «ግድ የለም፣ ያንተ አፍ ለሁለት ሰፈር ይበቃል» አለው። አኮ ዲንሴም ሳቁ።

ሕጉ ሠራ። ክረምቱን ሙሉ ያለ ዳኛ፣ ያለ ጠብ ተጫወትን። ጨርቁ የወደቀበት እጁን እያወጣ ይናገራል፤ ያኔ ማታ በአኮ ዲንሴ ምድጃ ዙሪያ ስንቀመጥ ሁላችንም ወንዙን የተሻገርን ሚዳቋዎች ነበርን።

ነገሩን ያበላሹት አባቶቻችን ናቸው። የልጆቹ ሕግ እንዲህ ማማሩን አይተው፣ በየስብሰባው አልቋጭ ያላቸውን የግጦሽ ጉዳይ በእኛ ጨዋታ ላይ ጫኑት። ገብስ ሲታጨድ አንድ ጨዋታ ይደረግ፤ ያሸነፈው ሰፈር በጋውን ሙሉ ከብቶቹን ሜዳው ላይ ያግጥ፤ ፈራጇ አኮ ዲንሴ ይሁኑ ተባለ። እሳቸውም የላይ ሰፈር ሰው ናቸው፣ ሁለት ላሞችም ነበሯቸው፤ ነገር ግን ሲንቄ በያዘች ሴት ፍርድ ላይ ጥርጣሬ የሚያነሳ አልተገኘም። አሁን ሳስበው የትልቅ ሰው ሥራ አልነበረም።

ገመቹ ሰባቱን ሲመርጥ ወደ እኔ መጣና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «ሱቅ በደረቴ እንደ ሚዳቋ ነው የሚሮጠው፤ አንዱ እሱ ነው» አለ። እኛ ላም አልነበረንም። ግጦሹም ጉዳዬ አልነበረም። እኔ የምፈልገው ያ እጅ ከትከሻዬ እንዳይነሳ ነበር።

የጨዋታው ቀን ሁለቱም ሰፈር ወጥቶ ሜዳውን ከበበ። አኮ ዲንሴ በታች ሰፈር በኩል፣ ኳስ ይዘን ስናልፈው ነጥብ የሚቆጠርልን መስመር አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲንቄያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኩል ለእኩል ነበርን። የጨርቅ ኳሱ እኔ እጅ ገባ። ሮጥኩ። ክንዱ የዳነለት ተሾመ ከጎን ተወርውሮ መጣ፤ እጁ ወገቤን ሲያልፍ ተሰማኝ፤ እሱ አፈር ላይ በግንባሩ ተደፋ፤ አቧራው ሁላችንንም ሸፈነን። መስመሩን አለፍኩ። ሰፈሩ ጮኸ። ገመቹ ከመሬት አንስቶ ተሸከመኝ። ልጆች እንዲያ ሲሸከሙኝ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነበር።

ከገመቹ ትከሻ ላይ ሆኜ ጨርቄን አየሁት። መስመሩ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ የወደቀ፣ አኮ ዲንሴ እግር ፊት። እሳቸውም እያዩት ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ሲሮጥ፣ በሲንቄያቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጎትተው ቀሚሳቸው ሥር አስገቡት።

የልጅ ልብ የዋህ ነው። ለእኔ ያስቀመጡልኝ መሰለኝ። እኔ እስክናገር የሚጠብቁ፣ ስናገር ደግሞ አውጥተው «ይኸው፣ ልጁ እውነቱን ነው» የሚሉ መሰለኝ።

«አውርደኝ» አልኩት ገመቹን። ወርጄ እጄን አወጣሁ። «ጨርቄ ወድቋል። ከመስመሩ በፊት ነው የወደቀው።»

«ምን?» አለ ገመቹ። «ዝም በል አንተ! ዝም በል!»

የተሾመ አባት ግን ሰምቶ ነበር። «ይኸው ልጁ በራሱ አፍ ተናገረ! ሕጉ ሕግ ነው፤ ማንም ቃል አይጨምርበትም!»

ሁሉም ወደ አኮ ዲንሴ ዞረ። እኔም ዞርኩ፤ ፈገግ ሳልልም አልቀረሁም። እሳቸው መጀመሪያ ገመቹን አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«እኔ አላየሁም» አሉ። «ልጁ ሮጦ ደክሞታል፤ የሚለውን አያውቅም።»

«ጨርቁስ? ጨርቁ የታለ?» አለ አንዱ። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ሣሩን ፈለጉ፤ የለም። እኔ ቀሚሳቸው ጠርዝ ላይ አፍጥጬ ቀረሁ። ሲንቄ የያዘችን ሴት «ተነሺ፣ እስቲ ሥርሽ ይታይ» የሚል ወንድ በዚያ ሜዳ አልነበረም። እኔ ደግሞ ልጅ ነበርኩ።

ግጦሹ ለላይ ሰፈር ሆነ። የታች ሰፈር ልጆች «አስቀድማችሁ ያጠናችሁት ድራማ ነው» ብለው ሰደቡኝ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ከሃዲ አሉኝ። «ለማን ብለህ ነው?» አለኝ ገመቹ፤ ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። አባቴ ወሬው ሱቁ ድረስ ደርሶት ጠበቀኝና፣ «አንተ ምን ላም አለህና ነው በሰው ሣር የምትመሰክረው?» አለኝ። ይህን ሲል ከተናደደው ይልቅ የፈራው ይበልጥ ነበር፤ ደንበኞቹ የላይ ሰፈር ሰዎች ናቸው።

ያን ዕለት ሲመሽ ግን ወደ አኮ ዲንሴ ጎጆ ሄድኩ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ከበሩ አጠገብ ብርዱ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ትንሽ ልጅ የወንዙን ተረት ንገሩን አለቻቸው። ቢያንስ ያን ዕለት ሌላ ተረት ይመርጣሉ ብዬ ነበር፤ ተረቱት። ጅቡን ተረቱት፣ ቀበሮዋን ተረቷት፣ ሚዳቋዋ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይሰበራል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። አልተሰበረም። አንዲት ቃል አልጎደለችም። ውሃውም እንደ ወትሮው ጎደለ። ከዚያ በቅቤ የራሰ ጭኮ አከፋፈሉን፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ከሌሎቹ ተለቅ ያለ ሰጡኝ፤ ፊቴን ግን አላዩኝም። በላሁት። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቤት አልሄድኩም።

ብዙ ኖሩ። ስለዚያች ጨርቅ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም ከሱቅ ወደ እህል ንግድ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ወደ ሌላው እያልኩ ሰው ሆንኩ። እሳቸው ሲያርፉ ቀብሩ ላይ ሽማግሌዎቹ «እውነት ተናጋሪ ነበሩ» ሲሉ ከመካከላቸው ቆሜ «አዎ» ብያለሁ። ሒሳባቸው ገብቶኛል። በጋ ነው፣ ሁለት ላም አለ፣ ወላጅ የሌለው የልጅ ልጅ አለ፣ ሣር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የማንንም ሒሳብ ስሠራ ስለኖርኩ የእሳቸውን መሥራት አላቃተኝም። ሒሳቡ ገባኝ ማለት ግን በደሉ ቀለለኝ ማለት አይደለም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤ ስንት አዳር እንደሚፈጅ ግን የሚናገር የለም።

በመምህር ቶሌራ ደንብ ውስጥም ያችው አንቀጽ ነበረች፦ ሪባኑ የወደቀበት ተጫዋች፣ ዳኛው ባያይም እንኳ፣ ራሱ እጁን አውጥቶ ያሳውቃል።

«ይቺን ሰርዛት» አልኩት።

«ጋሼ፣ ከሁሉም ያማረችው እሷ ናት እኮ! ልጆቹን እውነት ታስተምራቸዋለች።»

«ልጆቹ እውነት ያውቃሉ። እጁን ሲያወጣ አጠገቡ የሚቆመው ማነው? ወላጁ ከዳር ሆኖ እየጮኸበት፣ ጓደኛው እየሰደበው፣ ብቻውን ሊቆም ነው?»

ቶሌራ አሰበበትና እስክሪብቶውን አወጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር አብረን ጨመርን፦ ልጅ እጁን ሲያወጣ አሰልጣኙ ሜዳ ገብቶ አጠገቡ ይቆማል፤ ከዳር ያለ ትልቅ ሰው አንድ ቃል አይናገርም። የወላጆች ስብሰባ ላይ ደንቡ ሲነበብ እጅን ስለማውጣት የሚለው በጭብጨባ አለፈ። የእኔዋ ላይ ሲደርሱ፣ አንዱ «ጨዋታ ያጓትታል» አለ፤ ሌላው «አሰልጣኝ ሜዳ መግባቱ ደግሞ ምንድነው?» አለ፤ ተሰረዘች። ቶሌራ ወደ እኔ አላየም። ወረቀቱን ነበር የሚያየው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሄጄ ከወላጆች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሊያልቅ ሲል አንዲት ሹሩባ የተሠራች ቀጭን ልጅ ኳሱን ይዛ መስመሩን አለፈች፤ ወላጆች በደስታ ብድግ አሉ። እሷ ወገቧን ዳሰሰች። ቆም አለች። ከዚያ እጇን አወጣች።

«ኧረ ዝም በይ አንቺ!» አለ ከጎኔ ያለው ሰው። «ማን ጠየቀሽ?» አለች ከኋላዬ ያለችው። የልጅቷ አሰልጣኝ ራሱን ይዞ ዞረ።

ተነሳሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሜዳውም ከዳር እንደሚታየው ቅርብ አልነበረም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ከሜዳ ይውጡልኝ! ደንቡ አይፈቅድም!»

እንደማይፈቅድ ከእሱ በፊት አውቃለሁ። ደርሼ ሣሩን እያየሁ ከልጅቷ ጎን ቆምኩ፤ እጇን ገና አላወረደችም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እግሬ ሥር ያለውን ሣር አየች።

«አባባ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ዳኛው እየነፋ እየቀረበ ስለነበር ምን እንደሆነ ለመንገር ጊዜ አልነበረም።