የሚስ ሊዝቤት ሃርፕሲኮርድ

ባለፈው ሳምንት ኖርዝ ዮርክ፣ ከምሠራበት ሕንፃ ሥር አናጺዎች እንጨት ሲልጉ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝና ለሚቲንግ እየሮጥኩ የነበርኩት ሴትዮ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ በኖርንበት በዌስተን፣ የሚስ ሊዝቤት ቤዝመንት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

በስፖንሰር ካናዳ የመጣን ሰሞን የላይኛውን ፎቅ ያከራዩን እሳቸው ነበሩ፤ ከቤልጅየም የመጡ፣ ሽበታቸው ላይ ሰጋቱራ የማይጠፋ አሮጊት። ቤዝመንቱ ውስጥ ያለው ረጅም ሣጥን የሬሳ ሣጥን መስሎኝ በበሩ የማልፈው በሩጫ ነበር። አንድ ቀን ጠርተው ክዳኑን ከፈቱልኝና አንዱን ቁልፍ አስነኩኝ፤ እሳቸው የሚሠሩት ሃርፕሲኮርድ፣ ፒያኖ የሚመስል የጥንት መሣሪያ ኖሯል። ፒያኖ ሽቦውን በመዶሻ ይመታል፤ ይሄ ግን አባቴ አገር ቤት ክራር ሲደረድር ጣቱ እንደሚያደርገው፣ በትንሽ የላባ ስንጣሪ ቆንጠር አድርጎ ይለቀዋል። ባለ በሌለ ኃይሌ ብጫነውም ድምፁ አልጨመረም። ለምን ብዬ ጠየቅኩ፤ ጠያቂ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ወሬው ከዚያ በኋላ አላለቀም። ጣሊያኖቹ ከቀላል የጥድ ሳንቃ ቀጭን አድርገው እንደሚሠሩት፣ የአገራቸው የአንትወርፕ ባለሙያዎች ሆዱ ውስጥ አበባና ወፍ እንደሚስሉበት፣ ፈረንሳዮቹ እነዚያኑ አሮጌዎች ፈትተው፣ አስፍተው፣ ቁልፍ እንደጨመሩላቸው ነገሩኝ። ኋላ ፒያኖ መጣና ስንቱ ለማገዶ ተፈለጠ።

«አበቦቹም?» አልኳቸው።

«አበቦቹም» አሉኝ።

በመከር እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጃቸው ቤቱን ሊሸጥ፣ እሳቸውን የአረጋውያን ቤት ሊያስገባ ወስኖ ነበር፤ የመጨረሻው ሥራቸው የሆነው ያ ሣጥን ደግሞ ከላባው በቀር ሁሉ ነገሩ አልቋል፤ ላባ የገባላቸው ጥቂት ቁልፎች ብቻ ነበሩ። ላባውን የሚቀርጽ ምላጭ በሚንቀጠቀጥ እጅ አይያዝም። ይህን ለአባቴ ብነግረው፣ ሬክስዴል ካለው ፋብሪካ ሺፍቱን ጨርሶ ሲመጣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ታች ወረደ። ካናዳ ከገባን ክራር ነክቶ አያውቅም ነበር።

የቁራ ላባ የምለቅመው እኔ ነኝ፤ ከወንዙ ዳር። እናቴ ቁራ የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም ስላለች ጓንቴ ውስጥ ደብቄ አሳልፍ ነበር። አባቴ ይቀርጻል፣ ሚስ ሊዝቤት ጆሯቸውን ጣል አድርገው ይሰማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እሱ እንደገና ይቀርጻል። መጀመሪያ ላይ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ፤ ትንሽ ቆይተው ግን እሱ በአማርኛ እሳቸው በእንግሊዝኛ እያወሩ ይግባቡ ጀመር፣ እኔም ቀናሁ።

የመጨረሻው ላባ የገባ ዕለት አባቴ ቁልፉን በአንድ ጣቱ ተጫነና ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ተናገረ በያቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። አጠገቡ ተቀመጡና እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ተጫወቱበት።

በጸደይ እሳቸው የአረጋውያን ቤት ገቡ፤ ሃርፕሲኮርዱንም አንድ የሞንትሪያል ሙዚቀኛ ወሰደው። ዛሬ በቤቱ ቦታ ኮንዶ ቆሟል፤ አባቴም የለም። መሣሪያው ግን የሆነ ሰው ሳሎን ውስጥ እንደሚኖር አልጠራጠርም፣ በደንብ ከያዙት ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ላባ ግን ያልቃል። አባቴ የቀረጻቸው እስካሁን አንድ በአንድ ወጥተው፣ እኔ በማላውቀው እጅ በተቀረጹ ተተክተዋል።