ኪሱ ጠጠር የሞላ ጥበቃ

የደኑ ጥበቃ የኮት ኪሱ በጠጠር ክብደት ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ወደ ጎብኚ ስትጠጋ አጠገቧ ያለውን መሬት በጠጠር ይመታል። እሷን አይመታትም። ከወረወረ በኋላ ግን የሰው ዓይን ማየት ስለሚከብደው አንገቱን ይደፋል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አንዲት ጦጣ አላምዶ ከምሳው እያካፈለ በእጁ ያበላት ነበር። ምስኪን፣ ሰው ሁሉ እንደሱ መሰላት። አንድ ቀን መንገድ ዳር መኪና ያቆሙ ሰዎች ሙዝ ቢያሳዩዋት ዘላ ሄደችላቸው። በጆንያ ከተው ወሰዷት።

ዛሬ ደግሞ አንዲት ትንሽ ጦጣ ፊቱ ቁጭ ብላ መዳፏን ዘረጋችለት። እጁ እየከበደው ወረወረ። ጦጣዋ ደንግጣ ዛፍ ላይ ወጣች።

ከጎብኚዎቹ አንዷ ተቆጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ጠባቂ ነዎት ወይስ ጠላት? ትንሽ አያፍሩም?»

«አፍራለሁ እንጂ ልጄ» አለ ጫማውን እያየ። «የፊተኛዋን እጅ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ አልገባትም፤ ትታው ሄደች። ጦጣዋ ከላይ ሆና ጮኸችበት።

«ስደቢኝ የኔ እናት፣ ይገባኛል» አላት ቀስ ብሎ። «ብቻ አትውረጂ።»